አጭር መንገድ፣ ብዙ ዙር፦ የአራት ሳይክሎች የሥራ ማስታወሻ ከደብረ ብርሃን

መስከረም 21

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ በሳይክል የምንመላለሰው አራት ነን። አንዱ የጥበቃ ሠራተኛው ጋሼ ናቸው። አንዷ ንብረት ክፍል የሚሠሩት እትዬ ናቸው። ሦስተኛው ከእኔ ጋር ሥራ የሚለምደው ልጅ ነው። አራተኛው እኔ ነኝ። አራታችንንም እግራችንን ያመናል። ቦታው ይለያያል እንጂ ጠዋት ሳይክሉን ግድግዳ ላይ አስደግፎ እግሩን የማያሽ የለም።

ከዛሬ ጀምሮ የአራታችንን ሳይክል ከየባለቤቱ እግር ጋር ላስማማ ነው። ሙያዬ ግንባታ ነው። ሜትር፣ ውሃ ልክና ቱምቢ (ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ገመድ) ከእጄ አይጠፉም። ለዚህ ሥራ ደግሞ ከእነሱ ሌላ የሚያስፈልገው ጥቂት ቁልፍ፣ ግራሶና ትዕግሥት ነው።

ጉዳዩን ሳነሳ ሁሉም የሚሉኝ አንድ ነው፦ «ለዚህች መንገድ?» መንገዳችን በእርግጥ አጭር ነው። ሁለት፣ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ኪሎ ሜትር። ግን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ባለ 26 ኢንች ጎማ፣ ፊት 44፣ ኋላ 18 ጥርስ ያለው ሳይክል ፔዳሉ አንዴ ሲዞር 5 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሦስት ኪሎ ሜትር 600 ዙር ያህል ነው። ደርሶ መልስ 1,200። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ሰው እያንዳንዱ ጉልበት 6,000 ጊዜ ይታጠፋል፣ 6,000 ጊዜ ይዘረጋል። መቀመጫው ሦስት ጣት ዝቅ ያለ ከሆነ ያ ችግር 6,000 ጊዜ ይደገማል ማለት ነው።

ደግሞ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ይዘጋጃል። ሳይክሉን ያያል፣ ሰውነቱን ያፍታታል፣ ቀስ ብሎ ይጀምራል። አጭር መንገድ የሚሄድ ሰው ከአልጋ ወርዶ ዘሎ ይወጣል። እኔ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

መስከረም 25

ዛሬ ልኬት ወሰድን። አለካኩ ቀላል ነው። ጫማ አውልቆ ጀርባን ከግድግዳ ጋር ማጣበቅ። ጠንካራ ልባስ ያለው መጽሐፍ በሁለት እግር መሀል አስገብቶ መቀመጫ ላይ እንደተቀመጡ ያህል ወደ ላይ ጫን ማድረግ። መጽሐፉ ግድግዳውን የነካበት ቦታ ላይ ምልክት ማድረግና ከወለሉ እስከዚያ መለካት። ይሄ የውስጥ እግር ርዝመት ነው።

ይህን ቁጥር በ0.883 ማባዛት። የሚገኘው ከፔዳሉ ክንድ መዞሪያ መሀል እስከ መቀመጫው ላይኛ ገጽ ሊኖር የሚገባው ርቀት ነው። ስሌቱን ያስፋፋው ቱር ደ ፍራንስን ሦስት ጊዜ (1986፣ 1989 እና 1990 በፈረንጆቹ) ያሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ነው። የእኛ መንገድ ከእሱ ውድድር ጋር አይገናኝም። ጉልበቱ ግን ያው ጉልበት ነው።

የጋሼ የውስጥ እግር 78 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ሲባዛ 69 ገደማ ነው። ከዚያ የሳይክላቸውን ስለካ 61 ሆኖ ተገኘ። ስምንት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። እኔ ደነገጥኩ፣ እሳቸው አልደነገጡም።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ እርጅና ነው እንጂ ሳይክሉ አይደለም። ስንት ዓመት የነዳሁት ነው።»

«ጋሼ፣ እርጅናም ይኑርበት። ግን የሚያምዎ የቱ ጋ ነው?»

ጣታቸውን የጉልበታቸው ሎሚ ላይ አሳረፉ። ደረጃ ሲወጡና ከዱካ ሲነሱ ይብስባቸዋል። መቀመጫ ዝቅ ሲል ጉልበት ፔዳሉ ላይኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ከመጠን በላይ ይታጠፋል። በዚያ ሁኔታ ላይ እያለ ሲረገጥ ሎሚው ከስሩ ካለው አጥንት ጋር በኃይል ይጫናል። ጋሼ የሚያመለክቱኝ ቦታ ከዚህ ጋር ገጠመልኝ።

ዝቅ ያደረጉበት ምክንያት አላቸው። ሲቆሙ ሁለቱም እግራቸው መሬት እንዲነካ ይፈልጋሉ። አይሱዙው፣ ባጃጁ፣ ጋሪው በሚጋፋበት መንገድ ላይ ይህን መፈለጋቸው ተገቢ ነው። ስለዚህ ዛሬ መቀመጫቸውን አልነካሁትም።

መስከረም 28

የጋሼ ሳይክል ፊኒክስ ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ ማርሽ የሌለው። የመቀመጫው ዘንግ ዝጎ ከቱቦው ጋር አንድ ሆኗል። ማሰሪያውን ፈትቼ ባዞር ባዞር ንቅንቅ አላለም። መዶሻ ማንሳት አልፈለግሁም፤ ቱቦው ከተጎዳ ሳይክሉ አለቀለት። በመጋጠሚያው ዙሪያ ነጭ ጋዝ አንጠባጥቤ አሳደርኩት። ጠዋት ደግሜ አንጠባጠብኩ። ከሰዓት በኋላ መቀመጫውን በሁለት እጄ ይዤ ግራና ቀኝ ሳወዛውዘው መጀመሪያ ቀጭን ጩኸት አሰማ። ቀጥሎ የዛገ ውሃ ቀለም ያለው ነገር በጠርዙ ወጣ። ከዚያ በኋላ ዞረ። አውጥቼ በብርጭቆ ወረቀት ጠረግሁትና ግራሶ ቀባሁት።

ዘንጉ ላይ ከዚህ በላይ አይውጣ የሚል የተቀረጸ መስመር አለ። መስመሩ ከቱቦው በላይ ከታየ ዘንጉ ሊሰበር ይችላል። የእሳቸው ዘንግ ለ67 ይበቃል፤ ለ69 ግን መስመሩ ብቅ ይላል። 67 ይበቃናል። በዕድሜ ለገፋና መንገድ ላይ ደጋግሞ ለሚቆም ሰው ከስሌቱ ትንሽ ዝቅ ማለቱ አይከፋም።

በአንድ ቀን ስድስት ሴንቲ ሜትር መጨመር ግን የለም። ለዓመታት አንድ ዓይነት መታጠፍ የለመደ ጅማት በአንዴ ሲዘረጋ ሌላ ሕመም ይጀምራል። በየጥቂት ቀኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንጨምራለን። ጎን ለጎን አቋቋም እንለማመዳለን። ሳይክሉ ሊቆም ሲል ከመቀመጫው ወደ ፊት ወርዶ አንዱን እግር መሬት ላይ፣ ሌላውን ፔዳል ላይ። ጋሼ በግቢው ውስጥ ሞከሩትና «ይሄማ የልጅነቴ ነው» አሉ።

ጥቅምት 4

ልጁ የጋሼ ተቃራኒ ነው። መቀመጫውን ሰማይ አድርሶታል። ከኋላው ሆኜ ሲነዳ አየሁት፤ ፔዳሉ ታች በደረሰ ቁጥር ዳሌው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይወርዳል። እግሩ ስላልደረሰ ዳሌውን እየላከ ነው የሚረግጠው። የሚያመው ቋንጃው ጋ ነው።

«ከፍ ሲል እኮ ያምራል» አለኝ።

«ማማሩንስ ያምራል። ቋንጃህን ግን ጠይቀው።»

ሜትር ለሌለው ሰው ሌላ ዘዴ አለ። ግድግዳ ይዞ መቀመጥና ተረከዝን ፔዳል ላይ ማድረግ። ፔዳሉ ታች ሲሆን ጉልበት ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ልኩ እዚያ አካባቢ ነው። ከዚያ የእግርን የፊት መዳፍ ፔዳሉ ላይ ስናስቀምጥ ጉልበት ጥቂት እጥፍ ይላል። የሚፈለገውም ያ እጥፋት ነው፤ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ።

ዝቅ አደረግንለት። ወጣት ስለሆነ በአንዴ አወረድነው። ብዙ የሚጻፍ የለውም።

ጥቅምት 9

ዛሬ ሙሉ ከሰዓት በእትዬ ሳይክል ላይ ነበርኩ። ከአራቱ ሁሉ ያስቸገረኝ እሱ ነው።

የመቀመጫቸው ከፍታ ልክ ነው። ውሃ ልክ ብጭንበትም አላዘነበለም። ወደፊትና ወደኋላውን በቱምቢ አየሁት። ይሄ ለግንበኛ የሚመች ሥራ ነው። ባለቤቱ ይቀመጣል፣ ሁለቱ ፔዳሎች በአግድም እኩል ይሆናሉ። ከፊተኛው እግር ሎሚ ሥር ቱምቢ ሲለቀቅ ገመዱ በፔዳሉ አክስል (ፔዳሉ በሚዞርበት ዘንግ) ላይ ቢያልፍ ጥሩ መነሻ ነው። የእትዬ አለፈ። ታዲያ ምንድን ነው የሚያማቸው?

የሚያማቸው የቀኝ ጉልበታቸው ውጫዊ ጎን ነው። ግራው ደህና ነው። መቀመጫ ሁለት እግር የሚጋራው ነገር ነው። ሕመሙ በአንድ እግር ብቻ ሲሆን መጀመሪያ የዚያን እግር ፔዳል ማየት ይሻላል ብዬ ወደ ቀኙ ዞርኩ።

ሳይክሉን ቀጥ አድርጌ አቆምኩና አጭሩን ውሃ ልክ ከአክስሉ አቅጣጫ ጋር ፔዳሉ ላይ አስተኛሁት። ፔዳሉ ላይኛው ጫፍ ላይ ሲሆን አረፋው ወደ ውጭ ሸሸ። ክንዱን አዙሬ ታች ሳደርሰው አረፋው ወደ ውስጥ ሸሸ። ሳይክሉ ያዘነበለ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ጊዜ ወደ አንድ ወገን ነበር የሚሄደው። እትዬ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይሄ ማለት እግሬ በየዙሩ ይጠመዘዛል ማለት ነው?»

«አዎ፣ እትዬ። ትንሽ ትንሽ።»

«ትንሹ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ?»

ፔዳሉን ፈታሁት። ቁጥር 15 ቁልፍ ይይዘዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል፦ የግራው ፔዳል የብሎን ጥርስ ተገላቢጦሽ ነው። ቁልፉን ወደ ላይ አቁማችሁ ወደ ሳይክሉ ኋላ ስትገፉት ሁለቱም ይፈታሉ፤ ይህን ከያዛችሁ ግራና ቀኝ ማሰብ አያስፈልግም። የወጣውን ፔዳል በግራ እጄ ይዤ አክስሉን በጣቴ ሳሽከረክረው ጥርስ ያለው ጫፍ ክብ እየሠራ ተወዛወዘ። አክስሉ ታጥፏል። እትዬ ባለፈው ክረምት ሳይክሉ በቀኝ ጎኑ ድንጋይ ላይ እንደወደቀ ያኔ አስታወሱ። ክንዱ ራሱ አልተነካም፤ እሱ ቢሆን ወጪው ይከብድ ነበር።

የታጠፈ የፔዳል አክስል አይቃናም። አዲስ ጥንድ ገዛን። ጥርሱን ግራሶ ቀብቼ መጀመሪያ በእጅ አስገባሁት፤ በእጅ የማይገባ ፔዳል በቁልፍ ሲገፋ የክንዱን ጥርስ ይበላል።

እግረ መንገዴን ጫማቸውን አየሁ። በመሀል እግራቸው ነው የሚረግጡት። ትክክለኛው ቦታ ከአውራ ጣት ሥር ያለው የእግር መዳፍ ነው፤ እሱ ከአክስሉ በላይ ይሁን። ጫማው ጥቂት ጠንከር ያለ ሶል ቢኖረው ይመረጣል። ኮንጎ ጫማ ፔዳል ላይ ያንሸራትታል፤ አንሸራቶ ፔዳሉ ቅልጥምን ሲመታ ሕመሙን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጥቅምት 17

ውርጩ መጣ። ዛሬ ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። የመሪው ብረት እጅ ይይዛል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። ጣርማ በርን ተሻግሮ ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ይህን ማስታወሻ ሲያነብ የሚቀጥለውን ክፍል ሊዘለው ይችላል። ለእኛ ግን ዋናው ይሄ ነው።

ብርድ ላይ ጡንቻና ጅማት ይጠነክራሉ፣ እንደ ልብ አይለጠጡም። ጉልበት ደግሞ ሥጋ የሌለበት ቦታ ነው፤ ነፋሱ በቀጥታ አጥንቱ ላይ ያርፋል። ቆሞ ደህና የሆነ ብርድ ሳይክል ላይ ሲወጡ ይብሳል። ሦስት ኪሎ ሜትር በአሥር፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ያልቃል። ጡንቻ ደግሞ ሞቅ ለማለት ይህን ያህል ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ አጭር መንገድ የሚነዳ ሰው አብዛኛውን መንገድ የሚሄደው በቀዘቀዘ እግር ነው። ሲሞቀው ደርሷል። ማታም እንደገና ከቅዝቃዜ ይጀምራል። ረጅም የሚነዳ ሰው ግን በብርድ የሚነዳው የመጀመሪያዋን ቁራጭ ብቻ ነው።

የእኔ ቤት ወደ በሬሳ ወንዝ ዝቅ ባለው በኩል ነው። ከደጅ ስወጣ ዳገት ይቀበለኛል። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ያደረ ጉልበት በመጀመሪያው ደቂቃ ዳገት ይገፋል። የእኔ ሕመም ከሎሚው በላይ ያለው ጅማት ላይ ነው፤ መቀመጫዬ ልክ ሆኖ ሳለ የሚያመኝም ለዚህ ይመስለኛል።

ሁለት ነገር ለወጥኩ። አንደኛ መንገዱን። ወዲያው ወደ ላይ ከመውጣት በሜዳው ዞሬ፣ ዳገቱን መጨረሻ ላይ አደረግሁት። ግማሽ ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ዳገቱ ላይ ስደርስ ግን እግሬ ሞቋል፣ ትንፋሼም ተስተካክሏል። ለአጭር መንገድ ነጂ ከምመክረው ሁሉ ይሄ ይቀድማል፦ ዳገታችሁ መጀመሪያ ላይ ከሆነና ሌላ መንገድ ካለ፣ ይርዘም፤ በሌላው ሂዱ። ሌላ መንገድ ከሌለ የመጀመሪያውን ዳገት ሳይክሉን እየገፋችሁ በእግር ውጡት። ጥቂት ደቂቃ ነው፤ እግሩንም ያሞቃል።

ሁለተኛው ልብስ ነው። ከሱሪ ሥር ጉልበት የሚሸፍን ታይት። ጋሼ ታይት አይሹም። ለእሳቸው ከአሮጌ ሹራብ እጅጌ ሁለት የጉልበት መሸፈኛ ቆረጥንላቸው፤ እትዬ ጠርዙን ላስቲክ አስገብተው ሰፉት። ላስቲኩ እንዳይጠብቅ፣ ደም እንዳያግድ ጣት እያስገባን ለካን።

ከመውጣቴ በፊት ግድግዳ ይዤ ተረከዜን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ፣ ጉልበቴን ወደ ደረቴ እስባለሁ። ጅማት ስቦ ይዞ የማቆየቱን ልምምድ ግን ማታ ሥራ ስጨርስ፣ ሰውነቴ ሲሞቅ ነው የምሠራው። ቀዝቃዛ ጅማት በኃይል መሳብ አልወድም።

ጥቅምት 26

የጋሼ መቀመጫ 65 ደርሷል። ሕመሙ ቀንሷል ይላሉ፣ ዳገት ላይ ግን አልለቀቃቸውም። አብሬያቸው ነዳሁ። ጉልበታቸው በ15 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ወደ ላይ እንደሚወጣ ቆጠርኩ። ሜዳ ላይ 13፣ ዳገት ላይ 9። ይህን በአራት ስታባዙት በደቂቃ የሚዞረው ነው። ለጉልበት የሚስማማው ከ70 እስከ 90 ነው፤ በ15 ሴኮንድ ከ17 እስከ 22 ማለት ነው። ጋሼ በጣም ዝቅ ብለዋል። በዝግታ ሲዞር እያንዳንዱ ምት ከባድ ይሆናል። ከባዱን ጥቂት ጊዜ ከመርገጥ ቀላሉን ብዙ ጊዜ መርገጥ ለጉልበት ይሻላል።

ማርሽ የለውም። ስለዚህ የኋላውን ጥርስ መቀየር አለብን። ከፊት 44፣ ከኋላ 18 ነው። ሳይክል ሠሪው ጋ ሄደን ካሮጌዎቹ መሀል ባለ 22 አገኘን። በ18 ጊዜ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ሁለት ተኩል ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በ22 ልክ ሁለት ነው። ለአንድ ዓይነት ዳገት ፔዳሉ ላይ የሚያርፈው ግፊት በ18 በመቶ ይቀንሳል።

ማውጣቱ አስቸጋሪ ነበር። ይህ ጥርስ ፔዳል በተመታ ቁጥር ራሱን እያጠበቀ ነው የሚኖረው። ሠሪው ማውጫውን ብረት ሞርሳ ላይ አሰረ፣ ጎማውን ከላይ አስቀመጠ፣ እኔና እሱ በሁለት ወገን ይዘን እንደ መሪ አዞርነው። ሲለቅ ሁለታችንም ወደ ጎን ሄድን። ካቴናው ስላጠረ ተቀጠለ።

እግረ መንገዳችንን የፔዳሉን ክንድ የሚይዘውን ሽብልቅ አየን፤ ላልቷል። ክንዱ በየዙሩ «ቋ» የሚል ነገር ነበረው። ጋሼ ድምፁን ለምደውታል። ያ «ቋ» ግን በየዙሩ ጉልበታቸው ላይ የሚያርፍ ትንሽ ምት ነው። አዲስ ሽብልቅ ገባ።

ጋሼ ሲመለሱ ዳገቱን ሳይወርዱ ወጡት። ከላይ ሆነው ጠበቁኝ።

ማርሽ ላለን ሰዎች ደግሞ አንድ ልማድ አለ። ከመቆማችሁ በፊት ወደ ቀላሉ ማርሽ አውርዱ። በከባድ ማርሽ ቆሞ መነሳት ከቀኑ ሁሉ ከባዱ ምት ነው፤ በከተማ መንገድ ደግሞ መቆምና መነሳት ይበዛል።

ኅዳር 3

የቆዳ ቁስልም የእግር ጉዳት ነው። የልጁ ቀኝ ባት ላይ የሳይክሉ የፊት ጥርስ ተደርድሮ የነከሰበት ጠባሳ አለ። የእትዬ ቀሚስ ካቴና ውስጥ ገብቶ ሊጥላቸው ነበር።

ከሥራ ቦታ የተረፈ ላሜራ ነበረን። የእትዬን ካቴና መሸፈኛ ከእሱ ቆረጥሁ። ቅርጹን መጀመሪያ በካርቶን ሠራሁ፤ ካርቶኑ ሲስማማ ላሜራው ላይ አሰመርኩ። ዋናው ነገር ጠርዙ ነው። የተቆረጠ ላሜራ እንዳለ ከተተወ ከጥርሱ የባሰ ቢላ ነው። ዙሪያውን አንድ ሴንቲ ሜትር ተርፎ እንዲቆረጥ አድርጌ በፒንሳ ወደ ውስጥ አጠፍሁት፣ በመዶሻ አስተኛሁት። ጣቴን በሙሉ ጠርዙ ላይ እየሳብኩ አየሁት። የሚነክስ ቦታ ሲገኝ እንደገና መዶሻ። በሁለት ትንንሽ ብሎን ታሰረ።

ለሱሪ ደግሞ ካላማዳሪያ። ያረጀ የመኪና ካላማዳሪያ ሦስት ጣት ስፋት ባለው ቀለበት ተቆርጦ የሱሪውን እግር ከቁርጭምጭሚት በላይ ሰብስቦ ይይዛል። ለሁላችንም ቆረጥሁ።

ጥርስ ወይም ካቴና ቆዳ ከቀደደ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ግራሶውና አፈሩ ውስጥ እንዳይቀር። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄዶ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ነገር መጠየቅ። ልጁ ያኔ በጨርቅ ጠቅልሎ ሥራው ላይ ነበር የዋለው። እንዲህ ያለው ነገር ያስፈራኛል።

ኅዳር 10

ኮብልስቶን። ከተማችን ውስጥ ከዋናው አስፋልት ስትወጣ እሱ ነው። ድንጋዩ ላይ ነዝሮ የሚመጣው ነገር ከጎማው ወደ ፔዳሉ፣ ከፔዳሉ ወደ ቁርጭምጭሚት ይሄዳል። የሁላችንም ጎማ እስኪጮህ ተነፍቶ ነበር። የጎማው ጎን ላይ ከዚህ እስከዚህ የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ የእኔ ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይላል። ለኮብልስቶን ከመሀሉ ጥቂት ዝቅ አደረግሁት። ጎማው ድንጋዩን ይውጠዋል። ከታችኛው ቁጥር መውረድ ግን ካላማዳሪያውን ጎማው ከብረቱ ጋር እንዲቆርጠው ያደርጋል።

ሸካራ ቦታ ላይ ሁለቱን ፔዳል እኩል አድርጎ ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ ማለት። ጉልበት ላላ ይበል። ኩርባ ላይ የውስጠኛው ፔዳል ከላይ ይሁን፤ ካልሆነ ድንጋይ ይመታና ሳይክሉን ያነሳዋል። ጠዋት ጤዛ ወይም ውርጭ ያለበት ኮብልስቶን ያሙለጨልጫል፤ እዚያ ላይ ፍሬን ከመታጠፍ በፊት እንጂ እየታጠፉ አይያዝም።

ዲቹ፣ የመንገድ ዳር የውሃ መውረጃው። ክዳን የሌለው ዲች ዳር ስትቆሙ እግር የምታወርዱት በየት በኩል እንደሆነ ቀድማችሁ እዩ። ባጃጅ ሲገፋን ሁላችንም በደመ ነፍስ ወደ ቀኝ እግር እናወርዳለን፤ በቀኝ ደግሞ ዲቹ ነው። ቁርጭምጭሚት የሚወልቀው እንዲህ ነው። እኔ ጠባብ ቦታ ላይ ከሆነ አስቀድሜ እወርድና እገፋለሁ።

ኅዳር 20

ጾሙ ገብቷል። እትዬ ሳይቀምሱ ስለሚወጡ ጠዋት በዝግታ ነው የሚነዱት። ከዋዜማው በደንብ ውሃ ይጠጣሉ። የተዳከመ ሰው ፔዳል ላይ እግሩን ይጥላል እንጂ አይረግጥም፤ ጉልበቱ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ይሄዳል። ይህን ከኋላ ሆኖ ማየት ይቻላል፤ ጉልበት በቀጥታ ከእግር ጣት በላይ ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ አለበት።

የእስካሁኑ ውጤት ይህ ነው። የእትዬ ሕመም ፔዳሉ በተቀየረ በሦስተኛው ሳምንት ጠፍቷል። የልጁ ቋንጃ ደህና ነው። የእኔ ጅማት ዳገቱ ከተዛወረ ወዲህ በጣም ቀሎልኛል፤ ቅዳሜ ዕለት ረጅም ሰዓት ቆሜ ስውል ግን ይመለሳል። ጋሼ 67 ላይ ናቸው። ደረጃ ሲወጡ አሁንም ይይዛቸዋል፤ እኔ ሳይክል ላይ ያለውን ድርሻ ነው የቀነስኩት እንጂ ጉልበታቸውን አላደስኩትም። ጤና ጣቢያ እንዲታዩ ነገርኳቸው፣ እሺ ብለዋል።

ሳይክል በማስተካከል የማይጠበቁ ነገሮች አሉ። ጉልበት ካበጠ፣ ከተቆለፈና አልዘረጋ ካለ፣ ወይም እግር ክብደት አልሸከም ካለ ሐኪም ጋ ነው። አንድ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመመ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፣ አይታሽም። ወጌሻን አከብራለሁ። ያበጠን እግር በኃይል ማሸት ግን ልክ አይደለም።

ታኅሣሥ 2

የማጠናከሪያ ልምምድ ጀመርን። ከአንድ ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቀስ ብሎ መውረድ፣ በዚያው እግር መውጣት። ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይጠማዘዝ እያዩ። ጋሼ ዱካ ላይ ተቀምጠው በእጃቸው ሳይደገፉ መነሳትን ነው የያዙት። ልጁ ይቆጥርላቸዋል።

የቀረው ሥራ፦ የጋሼ ፊኒክስ የኋላ ፍሬን ላስቲክ አልቋል። የእትዬ መቀመጫ ፊቱ ተቀዷል፤ ወደ አንድ ጎን እንዲቀመጡ ስለሚያደርጋቸው ቶሎ መቀየር አለበት። ልጁ ደግሞ የሠፈሩን ልጆች ሳይክል ልለካ ብሎ ቱምቢዬን ወስዷል። በውስጥ እግር ርዝመትና በመቀመጫ ከፍታ ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሠርቼ ሰጥቼዋለሁ፦ 70 ለሆነ 62፣ 74 ለሆነ 65፣ 78 ለሆነ 69፣ 82 ለሆነ 72፣ 86 ለሆነ 76 ሴንቲ ሜትር። ሲመለስ የለካቸውን ይዞ ይመጣል፤ ዘንጋቸው የዛገባቸው ካሉ ነጭ ጋዙን አዘጋጅቻለሁ።